ውሃ ፈራች ያሉኝ ጊዜ

ጉሮሮው ተይዞበት ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚንከራተት ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ፣ አብዳለች ተብዬ በገዛ ቤቴ ተቆልፎብኝ፣ ልጄን እንዳላቅፍ ተከልክዬ የወጣሁ ሰው ነኝና የማውቀው ነገር አለኝ። ልጄ ቅድስት "እማዬ፣ ይሄን ነገር ለምን አትጽፊውም?" እያለች ስትነዘንዘኝ ዓመታት አለፉ። እኔ ደግሞ ንዝንዝ አልወድም፤ ይኸው ጻፍኩት፣ ትተወኝ።

ስሜ ብርቄ ነው። ያኔ የምኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አብነት ሲወረድ፣ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ተካ አብነት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ እማማ የሺ አብረውን ይኖራሉ። ቅድስት አራት ዓመቷ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ስዩም ደግሞ አባታችን ካረፈ ወዲህ እኔው ጋ ነው ያደገው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ረጅም ስለነበር በራችንን ጎንበስ ሳይል አይገባም፤ ሁልጊዜም ይረሳና ግንባሩን ይገጫል። እኔ እስቃለሁ፣ እሱ ይሳደባል። ቅድስት የእሱ ትከሻ ላይ ካልወጣች እራት አትበላም።

ዘመኑ ደርግ ቀይ ሽብር ያወጀበት ነው። የኖረበት ሰው ያውቀዋል፤ ላልኖረበት ይህን ያህል ልበል፦ ወጣት ልጅ በቤቱ ያለው ሁሉ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ይወርድ ነበር። ስዩምን የወሰዱት ግን በመኪና አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የቀበሌያችን ጥበቃዎች መንገድ ላይ አስቁመው ይዘውት ሄዱ። በእግሩ፣ ደብተሩን እንደያዘ። ሰፈሩ ሁሉ አየ።

የቀበሌው እስር ቤት ከቤታችን ሩቅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ምግብ ቋጥሬ እሄዳለሁ። በሩ ላይ እናቶችና እህቶች ሰሃን ሰሃናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ደግሞ የሰፈሩ ውሾች ይሰለፋሉ። ምግብ ሸቷቸው ነው፤ ምን ያድርጉ። አንድ ቀን አንዱ አመድማ ውሻ ብልጭ ብሎ ወደ ሰሃኔ ዘለለ። የስዩምን ቁርስ ለውሻ ልሰጥ? እግሬን ሰነዘርኩ። ባቴን ግጥም አድርጎ ያዘኝና አልለቅ አለ። በር ላይ የነበረው ጥበቃ ደምሴ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከአብዮቱ በፊት የቀን ሥራ ሲሠራ እናውቀዋለን። ጠመንጃውን አነሳና ውሻውን እዚያው ጣለው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ እግሬን እያየ፣ "አይዞሽ እህቴ፤ ደማሽ እንዴ? ሂጂና በሳሙና ታጠቢው" አለኝ። የእውነት አዘነልኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ቤት ገብቼ በሳሙና ታጠብኩ፤ እማማ የሺ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው አሰሩልኝ። ለአንድ ባት ማን ይጨነቃል? ጭንቀታችን ሁሉ ስዩም ነበር። እዚህ ላይ ለሚያነበኝ ሁሉ የምለው አለኝ፦ ውሻ ከነከሳችሁ ታጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ነገ አትበሉ። እኔ አልሄድኩም፣ ዋጋዬንም አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ አንድ ጠዋት ደምሴ የያዝኩትን ሰሃን ሳይነካው ቆመ። ገባ ብሎ የስዩምን ሹራብ አምጥቶ ሰሃኑ ላይ አደረገልኝ። "ከእንግዲህ አትመላለሺ" አለኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸች። ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዳታለቅሺ። እዚህም፣ ቤትሽም። ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው ተብሏል፤ ማታ ማታ በየበሩ ያዳምጣሉ" አለኝ። ይህንንም እንደዚያኛው በሐዘኔታ ነው ያለኝ። እስከ ዛሬ ያንን ሰው እንዴት አድርጌ እንደምጠላው አላውቅም።

አፌን ገጥሜ ቤቴ ገባሁ። እማማ የሺ ሹራቡን ሲያዩ በሩን ዘጉ። ልጮህ አፌን ስከፍት የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱት። "ዋጪው ልጄ፣ ለቅድስት ስትይ ዋጪው። ሆድ ይፍጀው" አሉኝ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ቢያስነጥስ ይማርህ እንላለን። ዋጥኩት።

ድንኳን የለ፣ ፍራሽ የለ፣ ሰው የለ። አስከሬኑንም አልሰጡን። በአገራችን ለጠላትም ቢሆን ልቅሶ ይደረሳል፤ የእኛን ቤት ግን ሰው በሌላኛው ጥግ ማለፍ ጀመረ። እኔም ዶሮዎቻችንን እያየሁ እውል ነበር። ዶሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ከቆሰለች ሌሎቹ ቁስሏን እያዩ ይጠጓታል፤ አንዷ ትነቁራታለች፣ ከዚያ ሁሉም። ካልለየሃት ይጨርሷታል። በሬ ግን እንዲህ አያደርግም። አባቴ ሰንጋ ተራ ስሙ ብቻ ሳይሆን ሰንጋውም በነበረበት ጊዜ የከብት ደላላ ነበርና ሲዋጉ እያየሁ ነው ያደግሁት። በሬ እስኪደማ ይዋጋል፤ አንዱ ጀርባውን ከሰጠ ግን ነገሩ ያልቃል፣ አሸናፊውም ሣሩን ይበላል። አባቴ "በሬ ይሻላል ከሰው" ይል ነበር። ዶሮውን አላሰበም መሰለኝ። እንስሳ ሁሉ ደግ ነው አልልም። ግን ገድሎ ሲያበቃ አታልቅሱ ብሎ በር ላይ የሚያዳምጥ እንስሳ አላየሁም።

አንዲት ሴት ብቻ መጣች፤ እማማ ዘይነባ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ከጓሯችን በስተጀርባ ነው ቤታቸው። አጥራችን ላይ ቆርቆሮ ገልጠው፣ አጥሚት በጣሳ ይዘው ብቅ አሉ። ጣሳውን ሰጥተውኝ እጄን ጨብጠው ተመለሱ። የእሳቸውም ልጅ አህመድ ታስሮ ቀርቷል።

ወር አለፍ ሲል በሽታው ጀመረኝ። መጀመሪያ እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አንድ ጉርሻ፣ ልክ እዚህ፣ ከአንገቴ ሥር ቁጭ ይላል፤ አይወርድ፣ አይወጣ። ቀስ በቀስ ገንፎም እምቢ አለኝ። ከዚያ ባዶ ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁላል የሚያህል ነገር አለ እላለሁ፤ ሌላው ሰው ቢዳብሰው ምንም የለም። ስተኛ ያንቀኛል። ሌሊት ነቅቼ ቁጭ እላለሁ፤ ሰዓት እላፊ ነው፣ ወዴት ይወጣል? ተካ ጀርባዬን እያሻሸ፣ "ተንፍሺ በቃ፣ ተንፍሺ" ይለኛል። አንዳንዴ እሱም ይበሳጫል፣ "ምን ሆንሽ አንቺ ሴትዮ፣ የሌለ ነገር!" ይላል። ሰው ነው፤ ቀን የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ውሎ ሌሊት የእኔን ጉሮሮ ይጠብቃል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ አፌን በማንኪያ ከፍቶ አየና ቶንሲል ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። መርፌው ቂጤን አሳበጠው እንጂ ጉሮሮዬን አልነካውም። አንዲት የሰፈር ሴት "እንጥሏ ወርዷል፣ ይቆረጥ" አለች። አብነት አንድ እንጥል ቆራጭ ነበር፤ ሄጄ ያንን ማጭዱን ሳይ በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ። ሌላዋ እንቅርት ነው አለች። ሦስተኛዋ ቡዳ። ሁሉም ሐኪም ሆነ፤ እኔ ቀጭጬ ቀጭጬ ቀሚሴ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሆነ። ተካ እያጠበበ ይሰፋልኛል።

በመጨረሻ እማማ የሺ ጠበል ወሰዱኝ። ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። አጥማቂው ካጠመቁኝ በኋላ ጠበሉን በጣሳ ሰጡኝና "ጠጪ" አሉኝ። ጎነጨሁ። ጉሮሮዬ ግጥም አለ። ውሃው በአፌም በአፍንጫዬም ወጣ፤ እያነቀኝ ጣሳውን ወረወርኩት፤ ለመተንፈስ ስታገል ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ ራሴንም አስደነገጠኝ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከመካከል አንዲት ሴት፣ "በስመአብ! ውሃ ፈራች!" አለች።

እማማ የሺ ዞር ብለው እግሬን አዩ። የውሻው ጥርስ ጠባሳ ባቴ ላይ ገና ቀይ ነበር። ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁት። ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ከፈራ አለቀለት ማለት መሆኑን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። መጀመሪያ ውሃ ይፈራል፣ ከዚያ ይንከሳል፣ ከዚያ ይሞታል። ውሻው ጤነኛ ይሁን እብድ እንዳይታይ እዚያው ተገድሏል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ ሰው መሆኔ ቀረ።

በዚያው ቀን ቅድስትን የተካ እህት ወደ ጌጃ ሰፈር ወሰደቻት። አላሰናበቱኝም። ከጓዳው መስኮት ሆኜ ስትሄድ አየኋት፤ "እማዬስ?" ስትል ሰማኋት፤ "እማዬ አሟታል፤ ትነክስሻለች" ስትላት ሰማሁ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይናገራል?

ጓዳችን አንዲት መስኮት አላት፤ እጅ እንጂ ራስ አታሳልፍም። እማማ የሺ ዕቃውን አውጥተው ፍራሽ አነጠፉልኝና ከውጭ ቆለፉ። ምግብ ሲያመጡልኝ በሩን ፈቀቅ አድርገው በማማሰያ ይገፉልኛል። "እማዬ፣ እኔኮ ደህና ነኝ፤ ያውቁኝ የለም እንዴ?" እላቸዋለሁ። "አውቅሻለሁ ልጄ፣ አንቺን አውቅሻለሁ፤ እሱን ግን አላውቀውም" ይሉኛል፤ በሽታውን ማለታቸው ነው። ከበሩ ማዶ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የልጅ ልጃቸውን ማዳናቸው ነው። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ስዩምን እያሰብኩ፣ እሱም እንዲህ ነበር የሚበላው፣ በር ፈቀቅ ተደርጎ፣ እላለሁ። እሱ አልወጣም፤ እኔም የምወጣ አልመሰለኝም።

ከሁሉም የባሰው ራሴን መጠራጠሬ ነው። ቀኑን ሙሉ እብድ ነህ ከተባልክ ታብዳለህ። ውሃ በማንኪያ እየሞከርኩ እጄን አያለሁ፣ ተንቀጠቀጠ ወይስ አልተንቀጠቀጠም? ጥርሴን በምላሴ እነካለሁ። እውነት ልጄን ብነክሳትስ? የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ መቆለፌን ራሴ ፈለግሁት።

ተካ ነው ያወጣኝ። አንድ ቀን ሥራውን ዘግቶ መጣና እናቱን፣ "እማዬ፣ ልትሞት ከሆነ ሐኪም ይንገረኝ፤ ጓዳ ውስጥ እንደ ዶሮ አላስራትም" አላቸው። እሳቸው እጇ ካልታሰረ አትወጣም ብለው ድርቅ አሉ። በነጠላ አሰሩኝ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያየኝ እፍረቴን የማስገባበት አጣሁ።

ትልቁ ሐኪም ቤት አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እጄ መታሰሩን ያየ ሁሉ እየተነሳ ሄደ፤ አግዳሚው የእኛ ብቻ ሆነ። ተካ "ቢያንስ ተመቸን" አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቄ መጣ። አንዲት ክንዷ የተሰበረ የገጠር ሴትዮ መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች። "ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" አለችኝ። "ውሻ ነክሶኝ" አልኳት። "እኔን ባሌ" አለችና ክንዷን አሳየችኝ። ከዚያ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። አልዋጥ ቢለኝም በአፌ ይዤው ቆየሁ፤ አፌን ያልፈራ ሰው በማግኘቴ ብቻ ደስ አለኝ።

ዶክተሩ ቀጭን፣ እንቅልፍ የጠማው ሰው ነበር። መጀመሪያ ያደረገው እጄን መፍታት ነው። "ውሃ መዋጥ ያቃተሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ። "ሦስት ሳምንት አልፎኛል" አልኩት። ፈገግ አለ። "የእብድ ውሻ በሽታ ውሃ ማስፈራት ከጀመረ በኋላ ሰው ሳምንት እንኳ እምብዛም አይቆይም። አንቺ ያ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እዚህ ተቀምጠሽ አታወሪኝም።" ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠብታ ጠብታ እያደረግሁ፣ እየታገልኩ፣ ወረደልኝ። "ይኸው" አለ። ቢሆንም ውሻው ስላልታወቀ ለጥንቃቄ ብሎ የእብድ ውሻ መከላከያውን መርፌ አዘዘልኝ፤ እምብርት ዙሪያ በየቀኑ የሚወጋ ነው። ተካን ወረቀቱን ይዞ መድኃኒት ቤት ላከው። ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ።

"ማን ሞተብሽ?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት። ምን ልበል? የመንግሥት ሐኪም ነው።

"ልቅሶ ተቀምጣችኋል?"

የተፈታውን ነጠላ ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሱም ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና፣ "ጉሮሮሽ ውስጥ ምንም የለም። በሽታው ግን አለ፤ አትዋሺም። በዚህ ሰሞን እንዳንቺ ያለ ጉሮሮ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን ውሻ አልነከሳቸውም። መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ፤ ልጽፍልሽ ግን አልችልም። ሰው የሌለበት ቦታ ፈልገሽ አልቅሺ" አለኝ።

በልቤ፣ አይ ዶክተር፣ ሰው የሌለበት ቦታ በአዲስ አበባ የት አለ? አልኩ።

ድኜ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እማማ የሺ ግን መርፌው መታዘዙን ሲሰሙ፣ "አላልኩም? በሽታው ባይኖር መርፌውን ምን አመጣው?" አሉ። ምን ትመልሳለህ! ተካ ጠዋት መርፌውን አስወግቶኝ ይመልሰኛል፣ እሱ ሱቁ ሲሄድ እሳቸው ይቆልፋሉ። "መርፌው ይለቅ፣ ከዚያ አርባ ቀን እንይ፣ ከዚያ ልጅሽን ታያለሽ" አሉኝ። ሆዴ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ብቻዬን ሆኜ ለማልቀስ ሞከርኩ፤ ፍራሹን ነክሼ፣ ስሙን በሹክሹክታ ጠርቼ። አይመጣም። ልቅሶ ለብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የሚያስለቅስ ሰው ይፈልጋል። ቅድስትን ካየኋት ወር ሊሞላ ነው፤ ጌጃ ሰፈር በእግር ምን ያህል ነች? አሜሪካ ሆነችብኝ።

አንድ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የሰፈሩ አናጢ አባባ ዘለቀ አርፈዋል። በዕድሜ፣ በአልጋቸው ላይ፣ ቄስ አጠገባቸው ቆሞ። በዚያ ዓመት በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሞት ብርቅ ነበር። ቀበሌው ድንኳን ፈቀደ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አናርኪስት አይደሉ! ልደታ ካለው ቤት ግማሹ የተኛው እሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ ነው፤ ማንም አይቀርም። ከጓዳዬ ሆኜ የሴቶቹን ዋይታ ስሰማ ጉሮሮዬ ብሶ ተናነቀኝ፤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

ያን ጊዜ ቁልፉ ተንቋቋ። እማማ የሺ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ቆሙ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ስቃትት ሰምተውኛል። "ተነሺ" አሉ፤ "ያኔ ነጠላ አፍሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ተነሺ፣ ልቅሶ እንሂድ።" ክንዴን ያዙኝ። ከታመምኩ ጀምሮ በእጃቸው ሲነኩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ግቢው ጢም ብሏል። ሳጥኑ መሃል ላይ ነው፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ደረት ይመታሉ። ደምሴ ጠመንጃውን ይዞ መግቢያው ላይ ቆሟል። እኔን ያየ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፤ ፈርቶ ይሁን አዝኖ እንጃ። በአገራችን ሟቹ ቀድመውት ወደ ሄዱት ስለሚሄድ መልእክት ይላክበታል፤ ለእናቴ እንዲህ በልልኝ፣ ለአባቴ ሰላም በልልኝ ይባላል። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ የተጠጉት እማማ ዘይነባ ናቸው። ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ አደረጉና፣ "ጋሽ ዘለቀ! ልጄን አህመድን ካገኘኸው፣ እናትህ በሯን አልዘጋችም በልልኝ!" ብለው ጮኹ።

በአደባባይ ሊጠራ የተከለከለ ስም ተጠራ። ሁላችንም ወደ ደምሴ ዞርን። ከዚያ አንዲት ሌላ እናት ተነሣች፣ "አባባ ዘለቀ፣ ዳንኤልን..." ብላ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ማን ምን እንደሚል አይለይም። በየቤቱ የተዋጠው ሁሉ ወጣ። ያን ያህል ልቅሶ ለንጉሥም ተለቅሶ አያውቅም።

ደምሴ ግራ ተጋብቶ ወደ መበለቷ ወደ እትዬ ፋንታዬ ጠጋ አለ፤ "ይሄ ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ነው እንዴ?" አላቸው።

እትዬ ፋንታዬ እንባቸውን ሳይጠርጉ ቀና ብለው አዩት። "ባሌ ደግ ሰው ነበር" አሉት፤ "መልእክት አላደርስም ብሎ አያውቅም።"

ደምሴ አፈረ ይሁን ፈራ አላውቅም፤ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶን ከውጭ ቆመ።

እማማ የሺ ወደ ሳጥኑ ገፋ አደረጉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም። ደግሜ ከፈትኩ። "አባባ ዘለቀ" አልኩ፤ "ስዩም... ስዩም የሚባል ረጅም ልጅ ያገኛሉ..." ከዚያ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር አሉኝ፤ እንደ በሬ ነው ያገሳሁት። "አላለቀስንልህም፣ አልቻልንም፣ አፋችንን ይዘውን ነው በሉት! ረስተንህ አይደለም በሉት! ዛሬ ግን እህትህ እያለቀሰች ነው በሉት!" ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ የኔም ሲመጣ ማቆሚያ አጣ። እማማ የሺ አብረውኝ ደረታቸውን ይመታሉ፤ "ልጄ ስዩም፣ ልጄ ስዩም" ይላሉ፤ እሳቸውም ለካ ውጠውት ኖሯል። ራሴን ስቼ ኖሮ ስነቃ እማማ ዘይነባ ጭን ላይ ነበርኩ። ውሃ በጣሳ አቀረቡልኝ። ጨለጥኩት። "ድገሙኝ" አልኩ። ሁለተኛውን ጋመስ ሳደርግ እማማ የሺ ጣሳውን ከእጄ ተቀብለው፣ እኔ የጠጣሁበትን፣ የተረፈውን ጠጡት። ለሰፈሩ ሁሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም።

በአንድ ቀን ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ከዚያ በኋላም ለወራት እንጀራ አልፎ አልፎ ይቆምብኝ ነበር፤ የመኪና ድምፅ ስሰማ ደግሞ እስከ ዛሬ ትንሽ ይይዘኛል። መርፌዬንም እስከ መጨረሻው ጨረስኩ። ግን መተንፈስ ቻልኩ። እናንተም ጉሮሯችሁ ውስጥ የሌለ ነገር ከቆመ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ተመርመሩ፤ ሐኪሙ ምንም የለም ካለ ደግሞ ማንን እንዳላለቀሳችሁለት አስቡ። ብቻችሁንም አትሁኑ።

ቅድስትን ተካ በማግስቱ አመጣት። አድጋለች፤ ጫማዋ ጠቧታል። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። እኔም ተነሥቼ ላቅፋት ፈልጌ ራሴን ያዝኩ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ የሺ "ግቢ እንጂ የኔ እመቤት፣ እናትሽ ናት" ቢሏትም ወይ ፍንክች። ራቅ ብላ አፌን ታያለች።

"ትነክሺያለሽ?" አለችኝ።

"አልነክስም" አልኳት።

አሰበችበት። ከዚያ ቀስ እያለች መጣችና፣ ለመሸሽ አንድ እግሯን ወደ በሩ አድርጋ፣ ትንሿን ጣቷን ጥርሶቼ መሃል አስገባች። ጠበቀች። ትንፋሼን ይዤ አፌን እንደከፈትኩ ቆየሁ፤ እንባዬ በአገጬ ይወርዳል። ምንም ሳትሆን ስትቀር የሌላኛውንም እጇን ጣት ጨመረች።